ዝም ያለ ክፍል ለገጠማችሁ ጀማሪ መምህራን

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የውጭ ቋንቋ ማስተማር ስትጀምሩ የሚፈትናችሁ ሰዋስው አይደለም፤ ዝምታው ነው። ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፣ ሁሉም ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። እባካችሁ «ሰነፎች ናቸው» ለማለት አትቸኩሉ።

እስቲ አንዱን ተማሪ ልብ ብላችሁ እዩት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዓረፍተ ነገሩን በልቡ እያዘጋጀ ነው። ግሡን አስተካከለ፣ ቃሉን ቀየረ፣ ልናገር ሲል መምህሩ ቀደመውና መልሱን ራሱ ተናገረ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳይንስ ክፍሎችን ሲያጠኑ፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት ግን መልሱ ረዘመ፤ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። በባዕድ ቋንቋ ለሚመልስ ተማሪማ ከዚያም በላይ ጠብቁት።

ፍርሃቱንም አትናቁት። ይህ ሰው በራሱ ቋንቋ ከማንም ጋር ይከራከራል። በአዲሱ ቋንቋ ግን እንደ ሕፃን ይኮላተፋል፤ ያውም እኩዮቹ ፊት። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻውን ይጻፈው፣ ቀጥሎ ለጎኑ ሰው ይንገረው። ለክፍሉ መናገር በመጨረሻ ይምጣ። ሲሳሳት አታቋርጡት። ስህተቱን መዝግባችሁ ያዙና በኋላ የማንንም ስም ሳታነሡ ሰሌዳው ላይ አርሙት።

ደግሞ «በሉ ተወያዩ» ብሎ መተው አያዋጣም። ለመናገር የሚያስገድድ ነገር ስጧቸው። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት አስቀምጡ። ለያንዳንዳቸው ተመሳሳይ የሚመስል፣ ግን በአንዳንድ ነገር የሚለያይ ሥዕል ስጡ። አንዱ የሌላውን ማየት የለበትም። «ያንተ መስኮት ክፍት ነው?» «የትኛው?» «የግራው!» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። እኔ ከዚህ የበለጠ የምወደው የክፍል ጫጫታ የለም።

ሜሪል ስዌን የተባሉ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ በ1985 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆኑ የካናዳ ተማሪዎች ጽፈዋል። ልጆቹ ለዓመታት ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ተከታትለዋል። የሰሙትን በደንብ ይረዳሉ፤ ሲናገሩ ግን ሰዋስዋቸው አፍ መፍቻቸው ፈረንሳይኛ ከሆነው ልጆች እኩል አልሆነም። መስማት ብቻውን አፍ አይፈታም ማለት ነው።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል፤ ፈተናው። ክፍል ውስጥ «ተናገሩ» ብላችሁ ውጤቱን በሙሉ በወረቀት ከሰጣችሁ፣ ተማሪው የሚያጠናው ወረቀቱን ነው፤ ልክም ነው። ክፍሉ ብዙ ሰው ስላለበት ሁሉንም ባንድ ቀን ማናገር አይቻልም። በየሳምንቱ ጥቂት ጥንዶችን እየጠራችሁ ለ5 ደቂቃ አነጋግሯቸው፤ ነጥቡንም ከዋናው ውጤት ጋር ደምሩላቸው።