ስለ ሕልማችን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው

ከውልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ሕልሙ እንዴት ያለ ነው? ይህን ጥያቄ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሥራ ቦታም ስጠየቅ ኖሬአለሁ። እኔ ራሴ ከተወለድኩ ጀምሮ ብርሃንና ጨለማ አልለይም። ሳይኮሎጂ አጥንቼ አሁን አስተምራለሁ። ስለዚህ "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ አልቀየምም" አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሕልምሽ ጥቁር ነው? ድምፅ ብቻ ያለበት ጨለማ ማለቴ ነው።

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ይሄን ነው። አይደለም። ጥቁርም እኮ ቀለም ነው፤ ጨለማም ብርሃንን ለሚያውቅ ነው ጨለማ የሚሆነው። አንተ በክርንህ ምን ይታይሃል? ጥቁር አይታይህም፤ ምንም አይታይህም። የኔም ነገር እንደዚያ ነው። በሕልሜ የጎደለ ነገር እንዳለ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕልምሽ በምን ይሞላል? እስቲ አንዱን ንገሪን።

መልስ፦ በኖርኩት ነገር ይሞላል። የሰሞኑን ልንገራችሁ። አያቴ ቤት ነኝ። ባዶ እግሬን ነኝ፤ በእበት የተለቀለቀው መሬት ይቀዘቅዘኛል። ቡና እየተቆላ ነው። ሽታው በግራ በኩል ይመጣል፣ ስለዚህ ምድጃው በግራዬ ነው። አያቴ ካረፈች ቆይታለች፣ ግን ሙቀጫው ሲወቀጥ እሰማለሁ። እሷ ሁለቴ መትታ አንዴ ታርፋለች፤ እንደዚያ የሚወቅጥ ሌላ ሰው አላውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከዚያ ድንገት ቤቱ ሰፋ። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ የሙቀጫው ድምፅ ራቀና ማስተጋባት ጀመረ። ግድግዳውን ልዳስስ እጄን ብዘረጋ ግድግዳ የለም። ለካ መርካቶ ነኝ። "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያለ የሚሮጥ ተሸካሚ ትከሻዬን ገጭቶኝ አለፈ። ባነንኩ።

አያችሁ፣ ቦታው ይለዋወጣል፣ የሞተ ይመጣል፣ ነገሩ መያዣ መጨበጫ ያጣል። የናንተም ሕልም እንደዚሁ ነው። የኔ ላይ ምስል የለበትም፣ በቃ።

በ2014 ዴንማርክ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ። 25 ዓይነ ስውራንና 25 የሚያዩ ሰዎች ለአራት ሳምንት ያህል ሕልማቸውን አስመዘገቡ። ቢያንስ በአንድ ሕልማቸው ጣዕም የቀመሱት ከዓይነ ስውራኑ ከመቶ 18 ያህሉ ሲሆኑ፣ ከሚያዩት 7 ናቸው። ሽታ የሸተታቸው 30 ገደማ ለ15፣ የዳሰሱት 70 ገደማ ለ45፣ የሰሙት 86 ለ64። እኔን የሚገርመኝ የኛ መብዛት ሳይሆን የናንተ ማነስ ነው። ዕድሜ ልካችሁን ሽሮ በልታችሁ በሕልማችሁ አንዴ እንኳ አለመቅመሳችሁ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ቀለምስ? ቀይ ነገር አልመሽ አታውቂም?

መልስ፦ አላውቅም። ቀይ ለኔ የበርበሬ፣ የደም፣ የትራፊክ መብራት ነገር ነው። በወሬ አውቀዋለሁ። በሕልሜ አንዷ "ቀይ ቀሚስ ነው የለበስኩት" ብትለኝ ቀሚሱ ቀይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ እናትሽን በሕልም ብታገኚያት ፊቷን ሳታዪ እንዴት ትለያታለሽ?

መልስ፦ በድምፅዋ፣ ነጠላ ጫማዋን ጎተት አድርጋ በምትራመደው፣ እጄን አያያዟ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳልሰማ ሳልነካ "እሷ ናት" ብዬ አውቃለሁ። ይሄ ለናንተም ያለ ነገር ነው። በሕልማችሁ ፊቱ የጎረቤት ሆኖ "ይሄ ወንድሜ ነው" ብላችሁ ያወቃችሁበት ጊዜ የለም?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ30 ዓመቱ በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ። እስካሁን በሕልሜ አያለሁ ይለኛል። ሊያጽናናኝ ነው ወይስ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው። ዓይን ቢጠፋም አንጎል ያጠራቀመው ምስል አይጠፋም። ወሳኙ ነገር ማየት የቀረበት ዕድሜ ነው። በ1838 ሄርማን የሚባል ጀርመናዊ፣ በ1888 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ጃስትሮው፣ ብዙ ዓይነ ስውራንን እየጠየቁ ተቀራራቢ ነገር አገኙ። ጃስትሮው እንዳለው፣ ከ5 ዓመቱ በፊት ዓይኑን ያጣ ሰው በሕልሙ አያይም። ከ7 ዓመቱ በኋላ ያጣ ያያል። በመሃል ያሉት ይለያያሉ፤ አንዱ ያያል አንዱ አያይም። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ይህን ብዙ አልቀየሩትም። የመብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ፣ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው፣ ዓይኗን ያጣችው በ5 ዓመቷ ነው። ልክ ድንበሩ ላይ ማለት ነው። ሕልሟን ግን ራሷ ትንገራችሁ፣ እኔ አልናገርላትም።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር እወቂ። ዓመታት ሲቆጠሩ በሕልም ውስጥ ያለው ምስል እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ቀን "ዛሬ ፊትሽን ማየት አቃተኝ" ቢልሽ ረሳኝ ብለሽ አትከፊ።

እግረ መንገዴን፣ አገራችን ውስጥ በየመንገዱ የምታገኟቸው ዓይነ ስውራን አብዛኞቹ እንደኔ አይደሉም። በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ነበር። ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረገው የዓይን ሞራ ነው፤ ትራኮማም ከመቶ ከ11 በላይ ድርሻ ነበረው። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ሲያዩ ኖረው ነው ያጡት። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ዓይነ ስውር "ልጄን በሕልሜ አየኋት" ቢሏችሁ መልኳን ማየታቸው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ስለ ቅዠት ልጠይቅሽ። እናንተ የማታዩ ሰዎች የምትፈሩት ነገር ስለማይታያችሁ ቅዠት አይኖርባችሁም ይባላል።

መልስ፦ ማነው እንዲህ ያለው? ተቃራኒው ነው። ቅድም ባልኩት የዴንማርክ ጥናት ከውልደታቸው ዓይነ ስውር ከሆኑት ሰዎች ሕልም ከመቶ 25 ያህሉ ቅዠት ነበር። የሚያዩት 6፣ ኋላ ላይ ዓይናቸውን ያጡት ደግሞ 7። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለምን? በ1999 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ15 ዓይነ ስውራን 372 ሕልሞችን ሰብስበው መርምረው ነበር። የደረሱበት ነገር እኔን ፈጽሞ አላስገረመኝም። ዓይነ ስውር በሕልሙ መጥፎ ነገር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ይጠፋል፣ ይወድቃል፣ መኪና ይመጣበታል። አዲስ አበባ ኑሮ ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ትናንት ያልነበረ የኮብልስቶን ቁልል፣ እግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና፤ ቀን የምንፈራው ይሄን ነው። ማታም ይሄው ይመጣል።

የኔ የዘወትር ቅዠት ነጭ በትሬ ናት። አራት ኪሎ አስፋልት መሃል ላይ ከእጄ ትወድቃለች። ስትንከባለል ይሰማኛል፤ ቀጭን የብረት ድምፅ አላት። ጎንበስ ብዬ ስዳስስ የሚገኘው አስፋልት ብቻ ነው። ታክሲዎቹ በሁለቱም በኩል ጥሩምባ ይነፋሉ። እናም ድምፁ የትኛው ከግራ የትኛው ከቀኝ እንደሆነ ይጠፋኛል። አቅጣጫ ሲጠፋኝ ነው የምጮኸው። ያው ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም።

ጥያቄ፦ እኔ ያነበብኩት ሌላ ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ከውልደታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ሕልማቸውን በሥዕል ሳሉ፣ ሥዕሉም ከሚያዩ ሰዎች አልተለየም። ስለዚህ ያያሉ ማለት አይደል?

መልስ፦ ጥሩ አነበብክ። ጥናቱ በ2003 ሊዝበን ላይ የተሠራ ነው፤ 10 ከውልደታቸው ዓይነ ስውር የሆኑና 9 የሚያዩ ሰዎች ነበሩበት። ሥዕሎቹን የመዘኑት ሰዎች የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። የአንጎል ሞገዱም በሁለቱ ተመሳሰለ። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው "የምስል ይዘት አለ" አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ እስካሁን አለ።

እኔ ከሚቃወሙት ጋር ነኝ። ጠረጴዛ በሥዕል አሳዪኝ ብትለኝ እስላለሁ። አራት እግር እንዳለው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ወንበሩ ከሱ እንደሚያንስ እጄ ያውቃል። መስመርና ቅርጽ የዓይን ብቻ ንብረት አይደለም። ሥዕሉ የሚያሳየው ሕልማችን ስፋትና ርቀት፣ ፊትና ኋላ ያለው መሆኑን ነው። ይሄ በራሱ ትልቅ ግኝት ነው፤ ለምን "ማየት" ካላልነው እንደሚከብደን አይገባኝም።

ጥያቄ፦ ሰው ሲያልም ዓይኑ ከሽፋኑ ሥር ይንቀሳቀሳል ይባላል። የናንተስ?

መልስ፦ ዓይን የሚንቀሳቀስበት ይህ የእንቅልፍ ዓይነት በ1953 ቺካጎ ነው የታወቀው፤ ደማቅ ሕልም የሚበዛውም በሱ ጊዜ ነው። እኛም አለን። አንጎላችን በዚያ ሰዓት እንደማንም ሰው ይነቃቃል። የዓይኑ እንቅስቃሴ ግን ይቀንሳል፣ አንዳንዶቻችን ላይ ጭራሽ አይታይም።

ጥያቄ፦ እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ። የማየት ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል በናንተ ላይ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል?

መልስ፦ አንጎል ሥራ ፈት አይወድም። በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ዓይነ ስውራን ብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ጽሑፍ) ሲያነቡ የኋለኛው የአንጎል ክፍል፣ ያ የማየት የሚባለው፣ ሲሠራ አገኙት። በዓመቱ ደግሞ ያንን ክፍል በማግኔት ምት ለአፍታ ሲያውኩት በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት አንባቢዎች ፊደል መሳሳት ጀመሩ። ስለዚህ ቦታው ለጣት ተሰጥቷል ማለት ነው። ሕልሜ ውስጥ የአያቴን ምድጃ ሙቀት ሲያቀርብልኝ የሚያመሸው ይሄው ክፍል ይሁን አይሁን እያልኩ አስባለሁ። አንተ ስትመረቅ አጥናልን።

ጥያቄ፦ ጥርስ ሲወልቅ ማየት የዘመድ ሞት ነው ይላሉ። ያለ ምስል ሕልም እንዴት ይፈታል?

መልስ፦ ጥርሴ ሲወልቅ በምላሴ ነው የማውቀው፤ ክፍተቱ፣ የደሙ ጣዕም፣ መዳፌ ላይ ሲወድቅ ያለው ቅለት። ከናንተ የባሰ ነው እንጂ አያንስም። ፍቺውን ተዉት፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነው። እኔ ጥርሴ የወለቀ ሰሞን የሞተብኝ የለም፣ የታመመ ድድ ግን ነበረኝ።

ጥያቄ፦ በሕልምሽ ማየት ችለሽ አታውቂም? አንዴ እንኳ?

መልስ፦ "አሁን የማይ ሰው ነኝ" ብዬ ያለምኩበት ጊዜ አለ። በትር የለኝም፣ እሮጣለሁ፣ ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል፣ ማንንም አልገጭም። ምስል ግን አልነበረም። ለኔ ማየት ማለት ሳይፈሩ መሮጥ ነው መሰለኝ።

ጥያቄ፦ እኔም እንዳንቺ ብርሃን አልለይም። የኔ ችግር ሕልም ሳይሆን እንቅልፍ ነው። አንዳንዱን ሳምንት በደንብ እተኛለሁ፣ አንዳንዱን ሌሊቱን ሙሉ ፈጥጬ አድራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስንፍና አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በየቀኑ የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። ምንም ብርሃን የማይለዩ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰዓታቸው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ሌሊቱ ቀን ይሆንባቸዋል። ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን በተወሰነ ሰዓት መውሰድ የሚረዳቸው አሉ፤ አሜሪካ ውስጥም በ2014 ለዚሁ ችግር የተፈቀደ መድኃኒት አለ። የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም አማክር። የምትተኛበትንና የምትነሣበትን ሰዓት እየጻፍክ ይዘህ ብትሄድ ሐኪሙ ቶሎ ይገባዋል።

ሌላም ልጨምር። አንዳንድ ዓይነ ስውራን ምንም ሳያዩ ዓይናቸው ለዚህ ሰዓት ብርሃን ያስተላልፋል። በ1995 ተረጋግጧል። "ዓይኑ አይሠራም፣ ይውጣ" ስትባሉ ከመፈረማችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ አያይም። ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። "ምን አየህ የኔ ጌታ?" እለዋለሁ፣ ዝም ይለኛል።

መልስ፦ እማዬ፣ እሱ ምን ብሎ ይመልስልሽ? እንዲህ ብለሽ ሞክሪ፦ "የት ነበርክ? ማን ነበረ? ምን ሰማህ? እግርህ ሥር ምን ነበር?" መጀመሪያ ግን እቅፍ አድርገሽ የት እንዳለ አሳውቂው። እጁን ወስደሽ ግድግዳውን አስነኪው፣ ብርድ ልብሱን አስጨብጪው። እኔ ስባንን የሚያረጋጋኝ አልጋዬን መዳሰስ ነው።

ሲነግርሽ ደግሞ በደንብ ስሚው። ወደቅኩ፣ ጠፋሁ፣ ውሻ መጣብኝ ካለ ብዙ ጊዜ ቀን ላይ የሚፈራው መንገድ አለ። ጠዋት ያንን መንገድ አብራችሁ ሂዱ፤ በእጁና በእግሩ ይወቀው። ነጭ በትር ገና ልጅ ነው ብለሽ አታዘግዪበት፤ በስድስት ዓመት ይጀመራል፣ ከዚያ በፊትም ይጀመራል። ቁመቱ ሲያድግ በትሩም መቀየር አለበት።