ስለ ካንሰር ምርምር ጠይቁኝ፦ ጎንደር

ጎንደር ላይ የጤና መረጃ ሥራ ነው የምሠራው። ሰሞኑን «ምርምር ምርምር ይባላል፤ ለታማሚው ምን ፈየደለት?» የሚለኝ ሰው በዛ። እስቲ ጠይቁኝ አልኩ፤ እነሆ። ዶክተር አይደለሁም። የምርመራ ውጤት የላካችሁልኝ ሐኪማችሁን አናግሩ።

ከማራኪ፦ መንግሥት የካንሰር ዕቅድ ሲያወጣ የታማሚውን ብዛት ከየት ያመጣል?

በአብዛኛው ከአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ። በ2004 ዓ.ም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ተጀመረ። የከተማዋ ነዋሪ ካንሰር ሲገኝበት ዕድሜው፣ ፆታው፣ የካንሰሩ ዓይነት ይመዘገባል። ካርድ ማገላበጥ ነው፤ አሰልቺ ነው። ግን በሴቶች ላይ የጡት ካንሰር አንደኛ፣ የማህፀን በር ካንሰር ሁለተኛ መሆናቸው ጎልቶ የታየው በዚህ ሥራ ነው።

ችግሩ፣ የአዲስ አበባ ቁጥር ስለ እኛው አካባቢ፣ ስለ ወገራ ገበሬ፣ አይነግርህም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ልደትና ሞት ለዓመታት የሚከታተልበት የምርምር ጣቢያ አለው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ሰው ሐኪም ሳያየው ሲሞት ቤተሰቡ ይጠየቃል፦ ምን ጀመረው? ስንት ጊዜ ቆየበት? «ካንሰር ነበረበት» የሚል ብዙ አይገኝም። «እህል አልወርድ አለው፣ ከሳ፣ ሞተ» ነው የሚባለው። ከዚህ ተነስቶ የሞቱን ምክንያት መገመት ራሱ ሙያ ነው። ለእኔ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጥብኛል፤ ያልተቆጠረ ታማሚ በጀት ላይ አይታይማ።

ከአዘዞ፣ እናት፦ ትልቋ ልጄ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሁለት ጊዜ ተወጋች፣ ትንሿ አንድ ጊዜ ብቻ። ቸግሯቸው ነው? ደግሞ መካን ያደርጋል ይላሉ።

እትዬ፣ ቸግሯቸው አይደለም። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም ሲጀመር 14 ዓመት ለሞላቸው ሴት ልጆች ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ኬንያ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ጥናት ተደረገ። አንድ ጊዜ ብቻ የተወጉት፣ በተከታተሏቸው 18 ወራት ውስጥ፣ ካንሰሩን በብዛት ከሚያመጡት ሁለት የኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ዓይነቶች 97 በመቶ ገደማ ተጠብቀው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ይበቃል አለ። ለአንዷ ይውል የነበረው አሁን ለሁለት ልጆች ይደርሳል። ምርምር ብሔራዊ ዕቅድን አገዘ ሲባል፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የመካንነቱ ወሬ ሐሰት ነው። ክትባቱ የሚይዘው የቫይረሱን ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ የለበትም። ማህፀን የሚያሳጣውስ ካንሰሩ ነው።

ከፒያሳ፦ እኔ 38 ዓመቴ ነው። ክትባቱ አለፈኝ ማለት ነው?

የአንቺ ድርሻ ምርመራው ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት ይመከራል። ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ይቀባና የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ታክመሽ ትሄጃለሽ። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት አደጋዋ ስድስት እጥፍ ስለሆነ ቀደም ብላ ትጀምር። ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ካስቀመጠው ግብ አንዱ ከ100 ሴቶች 70ዎቹ እንዲመረመሩ ነው። እኛ ገና ሩቅ ነን።

ከደምቢያ፦ እናቴን ይዤ ስመጣ «ዘገያችሁ» ብለው ተቆጡን። ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው?

አይደለም ወንድሜ። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት፣ መዘግየቱ ሁለት ቦታ እንዳለ ነው። አንዱ ቤት ነው፦ እብጠቱ አያምም፣ ፀበል ይቀድማል፣ የመኪናና የአልጋ ብር የለም። ሌላው እኛው ጋ፣ ጤና ተቋሙ ውስጥ ነው፦ መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ማስታገሻ ሰጥቶ ይሸኛል፣ ሪፈር ይቆያል፣ የናሙና ውጤት ይጠበቃል። ይህን ሁለተኛውን መዘግየት ቁጣ አያሳጥረውም። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ጡት መርምሮ ቶሎ እንዲልክ ማሠልጠን ነው የሚያሳጥረው። ፀበሉን ተዉ አልልም። እየተጠመቁም ቢሆን እብጠቱን አሳዩ።

ተማሪ፦ ሕክምናውንስ የቀየረ ምርምር አለ?

አለ። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ አይሰጥም ይባል ነበር። የጥቁር አንበሳ ታካሚዎች ናሙና ሲመረመር ሁለት ሦስተኛ ገደማው ምላሽ የሚሰጥ ዓይነት ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው! ታሞክሲፈን የተባለው የሆርሞን መድኃኒት በየቀኑ ቤት የሚዋጥ፣ ከብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች የረከሰ ክኒን ነው። ግን ለማን እንደሚሆን ለማወቅ ናሙናው በትክክል መመርመር አለበት። ስለዚህ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ (ከታማሚው የተወሰደ ናሙና የሚመረመርበት) የሌለው የካንሰር ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው ባይ ነኝ።

ከአራዳ፦ ለጥናት ፈቃደኛ ነህ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ልፈርም?

አንብበው፤ ካልገባህ አስነብብ። ምን እንደሚወስዱ፣ ስምህ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠይቅ። እምቢ ብትል ሕክምናህ አይቋረጥም፤ ይቋረጣል ያለህ ካለ ለሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ንገር። ከፈረምክም መሃል ላይ መውጣት ትችላለህ።