ካምቢዮ ቀይሬ ማርሽ አልገባ አለኝ

«ሰላም ጋሼ። መኪናዬ አሮጌ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ማኑዋል ነች፣ የምትነዳውም በፊት ጎማ ነው። ሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ ስላስቸገረኝ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቼ ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ቀን ፈጅተን ቀየርን። የፍሪሲዮን ሸራውንም በዚያው አዲስ አደረግን። አሁን ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ያለ ችግር ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ ግን አንዱም አይገባም። የኋላ ማርሽ ደግሞ ጥርሱን ያፋጫል። የገዛሁት ካምቢዮ ብልሹ ይሆን? መልሼ ላውርደው?»

አታውርደው። ቢያንስ ዛሬ አታውርደው።

ካምቢዮውን አትጠርጥር። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ከገባ የማርሽ ገመዱም ሆነ ውስጥ ያሉት ማርሹን የሚገፉት ሹካዎች ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ችግሩ ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል፣ አለመልቀቁ ነው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብትረግጠውም ሸራው ሞተሩ ከሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ከፍላይዊሉ፣ ጋር አብሮ ይዞራል፣ የካምቢዮው ዘንግም አይቆምም። የኋላ ማርሽ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው በብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች ላይ ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስል ቀለበት፣ ስለሌለው ነው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ፊት ለፊትህ ሰውም ግድግዳም የሌለበት ሜዳ ላይ ውሰዳት። ሞተሩን አጥፍተህ አንደኛ አስገባ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠህ፣ ሌላውን እግርህን ፍሬን ላይ አድርገህ አስነሳ። ወደፊት ከዘለለች ወይም ፍሬኑን እየታገለች ለመሄድ ከፈለገች ፍሪሲዮኑ አይለቅም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ውጭ ነው፣ እጅህንም ብዙ አያቆሽሽም። የአንተ መኪና ፍሪሲዮን በዘይት የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ አየር ጠርጥር። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ካምቢዮው ጋ ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ታችኛው ፖምፕ ተንጠልጥሎ ነበር አይደል? በዚያ መሃል ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሳታስቡት ፔዳሉን ረግጣችሁ ከሆነ ፒስተኑ ከቤቱ ወጥቷል፣ አየርም ገብቷል። ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጠህ ማርሽ ለማስገባት ሞክር። ከገባልህ ጥፋተኛው ወይ አየር ነው፣ ወይ ያረጀ ፖምፕ ነው።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ ሌላው ታች ያለችውን የማስወጫ ብሎን ከፍቶ፣ ዘይቱ ሲወጣ ይዝጋት። ፔዳሉ የሚለቀቀው ከተዘጋች በኋላ ነው። አየር የሌለበት ዘይት ብቻ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት። ላይ ያለው ዕቃ ውስጥ ዘይቱ እንዳያልቅ እያየህ ሙላ፤ ካለቀ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። የምትጨምረው መመሪያው የሚያዘውን የፍሬን ዘይት ነው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4። የሞተር ዘይት ከነካው የፖምፖቹ ጎማ ያብጥና አዲስ ራስ ምታት ትገዛለህ።

አሁን ለካ። ጓደኛህ ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥ፤ አንተ የታችኛው ፖምፕ ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ በማስመሪያ እይ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናህ መመሪያ ውሰድ። አምስት ስድስት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ውጭ ነው። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የገመዱን ማስተካከያ አጥብቅ፤ ፔዳሉ ላይ ግን ትንሽ ልቅነት ተው፣ አለበለዚያ ሸራው ይንሸራተትብሃል።

ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ማርሹ አሁንም እምቢ ካለ፣ አዎ፣ ያኔ ይወርዳል። ሲወርድ ምን እንደምትፈልግ ልንገርህ።

መጀመሪያ ሸራው ተገልብጦ እንዳይሆን። ስፕሪንጎቹ ያበጡበት ወገን በአብዛኛው ወደ ካምቢዮው ነው የሚዞረው፤ ብዙ ጊዜም የትኛው ወገን ወደ ፍላይዊል እንደሚሆን ሸራው ላይ ይጻፋል። ተገልብጦ ከሆነ የፍላይዊሉ ብሎኖች አናት ላይ የተፋቀ ምልክት ታያለህ። እኔ ተለማማጅ እያለሁ አንዴ ገልብጬ ገጥሜያለሁ። አለቃዬ አልተቆጣም። ቁልፉን አቀበለኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ሁለተኛ፣ ካምቢዮውን ስትሰቅሉ ክብደቱ በዘንጉ በኩል ሸራው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር? ወይስ አልገጥም ሲል ብሎኖቹን እያጠበቃችሁ ሳባችሁት? በሁለቱም መንገድ ሸራው ይጣመማል። ለዓይን የማይታይ መጣመም እንኳ ፍሪሲዮኑን ያስይዘዋል። ካምቢዮ በእጅ ተገፍቶ ከሞተሩ ጋር ግጥም ማለት አለበት፤ ብሎን ለማጥበቅ እንጂ ለመሳብ አልተሠራም። የመግጠሚያ ጆሮው ላይ ስንጥቅ መኖሩንም እግረ መንገድህን እይ።

ሦስተኛ፣ ስፒናዎቹ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገጥሙበት ፊት ላይ ሁለት ትናንሽ ባዶ ስፒናዎች አሉ፣ መሃል ለመሃል የሚያገጥሙት እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ያለ እነሱም ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ ተንኮሉ እሱ ነው። ዘንጉ ግን ከመሃል ይወጣል፣ ሸራውም አይለቅም። አሮጌውን ካምቢዮ ካልጣልከው ዛሬውኑ ሄደህ እየው።

አሮጌው ካለ ሌላም ጥቅም አለው። ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ሹካ፣ ሹካው የሚያርፍበትን ኳስና በሹካው የሚገፋውን ኩሽኔታ ጎን ለጎን አወዳድር። ካምቢዮው ከሌላ ዓመት ምርት ከመጣ የኳሱ ቁመት ወይም የኩሽኔታው ርዝመት ሊለያይ ይችላል። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም ግፊትህን ትበላለች።

የካምቢዮ ዘይት ስለመሙላትህ አልጻፍክልኝም። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ በመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር ይሞላል። መመሪያው ጂኤል-4 የሚባለውን የዘይት ደረጃ ካዘዘ ጂኤል-5 አታድርግ፤ ሲንክሮናይዘሩ እንዲይዝ የሚያስፈልገውን ፍትጊያ ሊቀንስበት ይችላል። በሦስተኛ ማርሽ ጩኸት ተማረህ የገዛኸው ካምቢዮ ደግሞ እንዳይጮህብህ።

ከመፍታትህ በፊት የታችኛው ፖምፕ ዘንግ ስንት ሚሊሜትር እንደሄደ ጻፍልኝ።