አንዱ ልጅ እየታመመ ሌላው ደህና ሲሆን፦ ዘረመል የቱ ጋ ይገባል?

ሰላም እህታችን። ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፤ በአንድ ቤት ከሚያድጉት ሁለት ልጆችሽ አንዱ በየጊዜው ይታመማል፣ ሌላው ደህና ነው። ወንድምሽ ደግሞ ምራቁን ልኮ ባስደረገው የዘረመል ምርመራ «ከኤችአይቪ የሚከላከለው የሲሲአር5 ለውጥ አንድ ቅጂ አለህ» ተብሏል። ይህ ይታመናል ወይ፣ እኛስ ምን እንመርመር ነው ያልሽው። በወንድምሽ ልጀምር፤ አደጋው የቀረበው እዚያ ነውና።

ሲሲአር5 በነጭ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ኤችአይቪ ወደ ሕዋሱ ለመግባት ሲዲ4 ከሚባለው ፕሮቲን ሌላ ሁለተኛ በር ያስፈልገዋል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዝርያ በአብዛኛው የሚገባው በሲሲአር5 ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንደታወቀው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በአንዳንድ ሰዎች ይህን ፕሮቲን ከሚያሠራው ዘር (ጂን) ላይ 32 የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለዋል፤ ፕሮቲኑ ሳይጠናቀቅ ይቀርና ወደ ሕዋሱ ገጽ አይወጣም። ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በዚህ ዝርያ የመያዝ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ግን ይያዛል። ትርፉ፣ ከተያዘ በኋላ በሽታው በአማካይ ዘግየት ማለቱ ብቻ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ አንድ ቅጂ ያላቸው 10 በመቶ ገደማ፣ ሁለት ቅጂ ያላቸው 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ሁለት ቅጂ ያለውም ቢሆን ሲኤክስሲአር4 በሚባለው ሌላ በር ለሚገባው ዝርያ ክፍት ነው። ስለዚህ የወንድምሽ ውጤት ከኮንዶምም፣ ከቅድመ መከላከያ መድኃኒትም፣ ከመመርመርም ነፃ አያወጣውም። ይባስ ብሎ ይኸው ጉድለት በሁለት ቅጂ ሲሆን በትንኝ የሚተላለፈውን የዌስት ናይል ቫይረስ ሕመም እንደሚያከብድ ታይቷል። አንዱን ጀርም የሚያስቀር ለውጥ ለሌላው መንገድ ሊከፍት ይችላል ማለት ነው።

በምራቅ የሚሠሩት የገበያ ምርመራዎች ዘሩን ከዳር እስከ ዳር አያነቡትም፤ አስቀድሞ የተመረጡ ነጥቦችን ብቻ ነው የሚያዩት። በብዙ ሰው ላይ የሚገኙ ለውጦችን ደህና አድርገው ይለያሉ። ብርቅ በሆኑት ላይ ግን የሌለውን አለ ማለታቸው የታወቀ ነው። ውሳኔ የሚያስከትል ውጤት ከመጣ በአዲስ ናሙና፣ በሕክምና ላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት።

«ጠንካራ ዘር» የሚባል ነገር እንደሌለ ከወባ በላይ የሚያሳይ የለም። ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለው የሲክል ሴል ለውጥ አንድ ቅጂ ያለው ሰው (ኤኤስ የሚባለው) ፋልሲፓረም በሚባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ክፉኛ የመታመም ዕድሉ በ90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንቶኒ አሊሰን ይህን ግንኙነት ያሳተመው በ1954 ነበር። ነገር ግን ጥገኛው ተህዋሲ ደሙ ውስጥ ይገባል፤ የሚቀረው ወደ ከባድ ሕመም መድረሱ ነው። ዱፊ የሚባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ የሌለበት ሰው ደግሞ ቫይቫክስ የሚባለውን ሌላ የወባ ዓይነት በብዛት ይከላከላል፤ ለፋልሲፓረም ግን ምንም አይጠቅመውም። በ1976 ሲታወቅ መከላከያው ሙሉ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በማዳጋስካር፣ በኢትዮጵያና በሌሎችም አገሮች ዱፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኝቷል። ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው «ዱፊ የለውም» ብሎ ያለ ደም ምርመራ መሸኘት ስለዚህ ስህተት ነው። የደም ዓይነት ኦም እንዲሁ ነው፦ ከከባድ ወባ በመጠኑ ይከላከላል፣ ኮሌራ ሲይዘው ግን ይጠናበታል።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ምርመራ የሚሰጠውን መድኃኒት ወይም ክትባት የሚቀይረው ነው። ከዚህ ረድፍ አንደኛው ቀይ የደም ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የዚህ ኢንዛይም እጥረት አለባቸው። እጥረቱ ቫይቫክስ ወባ ሲታከም ይገለጣል። ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚያገረሸውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን የእነዚህን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ኢንዛይሙ መደበኛ የሆነ ሰው በኪሎ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለ14 ቀን ይወስዳል። እጥረት ያለበት በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት፣ ያውም በሐኪም ክትትል ነው። ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነት በድንገት ከዛለ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የዚህ ምርመራ ስህተት የሚፈጠረው በብዛት በጊዜው ምርጫ ነው። ደም እየፈረሰ ባለበት ሰሞን የሚቀሩት አዲስ የተወለዱ ቀይ ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከአሮጌዎቹ የበለጠ ኢንዛይም አላቸው። ውጤቱ «መደበኛ» ይላል፣ ሰውየው ግን እጥረት አለበት። እንዲህ ከሆነ ከ3 ወር ገደማ በኋላ መድገም ያስፈልጋል። በቅርቡ ደም የወሰደ ሰውም የሚለካለት የለጋሹ ሕዋስ ነው። ናሙናው በሙቀት ከቆየ ኢንዛይሙ ይዳከምና ያለ እጥረት እጥረት ያሳያል። ሴቶች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ዘሩ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ አንድ ቅጂ የተበላሸባት ሴት ግማሹ ሕዋሷ ጤነኛ፣ ግማሹ ጎደሎ ሊሆን ይችላል። አለ ወይም የለም ብቻ የሚለው ፈጣን ምርመራ የሚይዘው በጥቅሉ ኢንዛይሙ ከመደበኛው መጠን 30 በመቶ በታች የሆነበትን ነው፤ ከ30 እስከ 70 በመቶ ያላት ሴት ጤነኛ ተብላ ታልፋለች። እንደ ፕሪማኪን ለቫይቫክስ የሚሰጠው፣ በአንድ ጊዜ 300 ሚሊ ግራም የሚዋጠው ታፈኖኪን የኢንዛይሙን መጠን በቁጥር ለክቶ 70 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን ካላረጋገጡ የማይሰጠው ለዚህ ነው። ፕሪማኪን ቢቆም በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ ታፈኖኪን ግን ለሳምንታት ይቆያል፣ ከተዋጠ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው ኤችኤልኤ-ቢ 57፡01 የሚባለው፣ በበሽታ መከላከያ ዘር ላይ የሚገኝ ለውጥ ነው። አባካቪር የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከመጀመር በፊት ይመረመራል፤ ለውጡ ያለበት ሰው ከባድ አለርጂ ሊነሳበት ስለሚችል መድኃኒቱ አይሰጠውም። አለርጂው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማስመለስ፣ ሳል። አንዴ ታይቶ ከቆመ ፈጽሞ ድጋሚ አይጀመርም፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የሚገርመው ይኸው ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ቫይረሱን ያለ መድኃኒት ከሌላው ሰው የተሻለ ይቆጣጠራሉ።

የሲክል ሴል ምርመራም ውሳኔ ይቀይራል፣ በትክክል ከተሠራ። በመስታወት ላይ ወይም በማሟሟት የሚሠራው ቀላል ምርመራ ኤኤስን ሁለት ቅጂ ወርሶ ከታመመው (ኤስኤስ) አይለይም፤ ሁለቱም አዎንታዊ ናቸው። ከ6 ወር በታች ባለ ሕፃን ደግሞ ገና ያልተተካው የፅንስ ሄሞግሎቢን ስለሚሸፍነው ሐሰተኛ አሉታዊ ይሰጣል። የሚለየው የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ነጣጥሎ የሚያሳየው ኤሌክትሮፎሬሲስ ወይም ኤችፒኤልሲ የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ሁለቱም ወላጆች ኤኤስ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ኤስኤስ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። «ሲክል ሴል ከወባ ይከላከላል» የሚለው አባባል ለኤስኤስ ልጅ አይሠራም፤ እንዲያውም ወባ ይገድለዋል። ጣፊያው ቀድሞ ስለሚደክም የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣው ኒሞኮከስ ባክቴሪያም ያሰጋዋል። በተለመደው መመሪያ ከ2 ወር ዕድሜ ጀምሮ ፔኒሲሊን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ከ3 ዓመት በኋላ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ከኒሞኮከስ ክትባቶች ጋር። 38.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ለእሱ ድንገተኛ ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የሄፓታይተስ ሲ ሕክምናን ለመተንበይ ይሠራ የነበረው አይኤል28ቢ የሚባለው ዘር ምርመራ አሁን ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥታ ቫይረሱን የሚያጠቁት አዲሶቹ መድኃኒቶች በዚህ ለውጥ ብዙም አይለዩም።

አሁን ወደ ልጆቹ። ዘር ድርሻ እንዳለው ጥርጥር የለም። በ1988 የታተመ የዴንማርክ የጉዲፈቻ ጥናት፣ ወላጅ እናቱ ወይም አባቱ ከ50 ዓመት በፊት በተላላፊ በሽታ የሞተበት ልጅ በሌላ ቤት አድጎም በተላላፊ በሽታ የመሞት ዕድሉ ወደ 6 እጥፍ መድረሱን አሳይቷል። በ1930 አካባቢ በሉቤክ፣ ጀርመን፣ ለ250 ገደማ ሕፃናት በስህተት በእውነተኛ የቲቢ ባክቴሪያ የተበከለ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ተሰጣቸው፤ ከ70 በላይ ሞቱ፣ የቀሩት አብዛኞቹ ተርፈዋል። ሆኖም እዚያ የተወሰደው የባክቴሪያ መጠንም ይለያይ ነበር፤ ለአብዛኛው የቲቢ ሕመምተኛም አንድ ተጠያቂ ዘር አይገኝለትም። ሳል ያለበት ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ፣ ክፍሉ መታፈኑ፣ የልጁ ምግብና ኤችአይቪ ቀድመው ይጠየቃሉ።

በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን የሚይዘው ትንሽ ልጅ ጤነኛ ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት የሚውለው ከዚያም በላይ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ በዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፣ አራትና ከዚያ በላይ አዲስ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ሁለት ወር አንቲባዮቲክ ወስዶ አለመሻል፣ ክብደት አለመጨመር፣ የሚመላለስ ጥልቅ እባጭ፣ የማይለቅ የአፍ ፈንገስ፣ በእናት ወገን በልጅነታቸው የሞቱ ወንዶች። ከእነዚህ አንዱ ካለ የጀርሙ ስም ከማንኛውም የዘር ምርመራ በላይ አቅጣጫ ይሰጣል። ባክቴሪያው ካልቸር ይደረግ (ከናሙናው በላቦራቶሪ አድጎ ይለይ)፣ ወረቀቱም ይቀመጥ። ማጅራት ገትር ከተመላለሰ ኮምፕሊመንት የሚባሉት፣ ጀርም የሚያጠቁ የደም ፕሮቲኖች እጥረት ይጠረጠራል። ስታፍ በሚባል ባክቴሪያና አስፐርጊለስ በሚባል ፈንገስ የሚመጣ መግልና የሳንባ ኢንፌክሽን ወደ ነጭ የደም ሕዋሳት የመግደል አቅም ያመራል፤ ምርመራው ዲኤችአር ይባላል። ከቢሲጂ ክትባት በኋላ በሽታው በሰውነት ከተሰራጨ የመከላከያ ሕዋሳት በሚነጋገሩባቸው በኢንተርፌሮን ጋማና በአይኤል-12 በኩል ያለ ችግር ይጠረጠራል። ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ ጆሮና ሳንባው የሚመላለስበት፣ ቶንሲሉም የማይታይ ወንድ ልጅ ፀረ እንግዳ አካል አይሠራ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ይነሳል፦ የኤችአይቪ ምርመራ (ከ18 ወር በታች የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ የእናቱን ስለሚያሳይ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ፒሲአር)፣ ሙሉ የደም ቆጠራ ከነዝርዝሩ፣ አይጂጂ፣ አይጂኤና አይጂኤም (የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች)። በጨቅላ ሕፃን ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር በማይክሮ ሊትር ከ2500 በታች ከሆነ በጣም ያሳስባል፤ አዋቂ ላይ ግን ይኸው ቁጥር ምንም አያሳስብም። የአይጂጂ ውጤትም በአዋቂ መለኪያ ከተነበበ ጤነኛው ሕፃን ሁሉ በሽተኛ ይመስላል፤ በተለይ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የእናቱ አልቆ የራሱ ገና ስለሆነ ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮ ነው። ለኮምፕሊመንት የሚሠራው ሲኤች50 ደሙ ሞቅ ባለ ቦታ ከቆየ ዜሮ ይመጣል። ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቶሎ ተለይቶ በጥልቅ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ውጤቱ አይታመንም፤ ዜሮ ከመጣም ለቤተሰቡ ከመነገሩ በፊት ይደገማል። ከባድ ጉድለት እስከተጠረጠረ ድረስ ሕይወት ያለባቸው ክትባቶች፣ ለምሳሌ ቢሲጂ፣ የአፍ ፖሊዮና ሮታ፣ ይቆያሉ።

የዘር ንባብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሲላክም ከልጁ ጋር የሁለቱም ወላጆች ደም አብሮ ይላክ። ያለ ወላጆቹ ናሙና ለውጡ ከማን እንደመጣ ወይም በልጁ አዲስ እንደተፈጠረ አይታወቅም፤ ብዙ ውጤቶች «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ተብለው የሚቀሩት በከፊል በዚህ ነው። እንዲህ የተጻፈበት ወረቀት ከመጣልሽ ምንም መድኃኒት አይጀመርበት፣ ምንም አይቆምበት። ልጁ የተከተበባቸውን ቀኖችና የካልቸር ውጤቶቹን ይዘሽ ወደ ሕፃናት ሐኪም ሂጂ። ካልቸር ተደርጎለት ካልሆነ ደግሞ ቀጣዩ ሕመም ሲመጣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ናሙናው እንዲወሰድ ጠይቂ።