መልእክቱን የሚያነበው ማን ነው?

እህቴ፣ «የወላጆችን ስልክ ሰብስበን መልእክት ብንልክ ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆችን ማትረፍ እንችላለን ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይቻላል። ግን ከመላክሽ በፊት መልእክቱ ማን እጅ እንደሚገባ እወቂ። ለዓመታት ስም ጠሪ ሆኜ ስሠራ ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚሁ ላይ ነው።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። መጀመሪያ ሰኞ ሰኞ ይቀራል። ቀጥሎ ሰኞና ማክሰኞ። ለእናቱ መልእክት እልካለሁ፤ መልስ የለም። እናትየው ግድ የላትም ብዬ ደመደምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደወልኩ። «የኔ ልጅ? በየቀኑ ደብተሩን ይዞ ይወጣል እኮ!» አለችኝ። ለካ ማንበብ አትችልም። መልእክት በገባ ቁጥር ስልኩን የምትሰጠው ለልጇ ነው። እሱ ደግሞ «ትምህርት ቤት ስብሰባ አለ ነው የሚለው» እያለ ያነብላታል። ይህን ስትረዳ ድምጿ የተሰበረው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ልጁ የሚቀረው ሒሳብ አልገባ ብሎት አፍሮ ነበር። ያን ሳምንት ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ዓመቱንም ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ምዝገባ ላይ ሁለት ቁጥር እወስዳለሁ፤ ፊት ለፊቴም ደውዬ አረጋግጣለሁ። ልጁ የራሱን ወይም የጓደኛውን ቁጥር የሚሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ወላጁ ማንበብ ይችል እንደሆነም በዘዴ እጠይቃለሁ። የማይችል ከሆነ በቀጥታ እደውላለሁ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። የቀረ ልጅ ወላጁ መስማት ያለበት ያኔውኑ፣ ጠዋቱን ነው። በወሩ መጨረሻ «ልጅዎ ስምንት ቀን ቀርቷል» ብትይ ያለፈውን መርዶ መንገር ነው። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በ22 ትምህርት ቤቶች የተሞከረ ነገር አለ። ያልተሠራ የቤት ሥራና ከክፍል መቅረት በየሳምንቱ፣ ዝቅተኛ ውጤት ደግሞ በየወሩ ለወላጅ በስልክ መልእክት ይላክ ነበር። በየትምህርት ዓይነቱ መውደቅ በ28 በመቶ ቀነሰ፤ ክፍል መገኘት በ12 በመቶ ጨመረ፤ ትምህርት ቤት የሚቆዩትም በዙ። የፈተና ውጤት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ መልእክቱ ልጁን ክፍል ያስገባዋል፤ ማስተማሩ አሁንም የእኛ ሥራ ነው።

አጭር ጻፊ። በፊደላችን አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተቆርጦ እንደ ሁለት ይቆጠራል። እኔ የምልከው ይህን ነው፦ «ሰላም፣ የልጅዎ መምህር ነኝ። ዛሬ ክፍል አልመጣም፤ በሰላም ነው?» ያቺ «በሰላም ነው?» የምትለው ቃል ብዙ ትሠራለች። ወላጁ ተከሰስኩ አይልም፤ ሰው አሰበልኝ ይላል። መልሶም ይደውላል። የስልክ ሂሳብ ከሌለው ሚስኮል ያደርጋል፤ መልሰሽ ደውዪለት።

ደግሞ አደራ፣ የመጀመሪያው መልእክትሽ የምሥራች ይሁን። «ዛሬ ጥሩ መለሰ» ብቻ በቂ ነው። ከትምህርት ቤት ክፉ ወሬ ብቻ የለመደ ወላጅ ቁጥርሽን ሲያይ ስልኩን አያነሳም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፦ ዱላ። በእኛ መልእክት የተነሳ የተገረፈች ልጅ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ መምጣት ተወች። ስለዚህ ቁጣ የሚበዛበት ቤት መሆኑን ካወቅሽ አትጻፊ። መጀመሪያ ልጁን አናግሪው፤ ከዚያ ለወላጁ ደውለሽ እንዳይመታው ለምኚ። እኔ «እኔ እይዘዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ጠዋት ይላኩልኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ ይሰሙኛል።

ሦስት ቀን ደውለሽ ስልኩ ዝግ ከሆነ ግን አራተኛውን አትጠብቂ። አብሮት የሚሄድ ጎረቤት ተማሪ ፈልጊና ቤቱ ድረስ ሂጂ።