ልጄ በየትኛው ቋንቋ ይጀምር? የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከሚሴ ነው። እኔ ለልጄ የማወራት በአማርኛ፣ አባቷና አያቷ በኦሮምኛ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሁለቱን ትቀላቅላለች። ጎረቤቶች «አንዱን ተዉላት፣ አፏ ይተሳሰራል» ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይተሳሰርም። የአንድ ነገር ስም በአንዱ ቋንቋ ሲጠፋት ከሌላው ትበደራለች፤ ባቲ ሰኞ ገበያ የሚውሉ አዋቂዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የምታውቃቸውን ቃላት ስትቆጥሩ የሁለቱን ደምሩ። በአማርኛ 30፣ በኦሮምኛ 25 ቃል የምታውቅ ልጅ በአማርኛው ብቻ ከተለካች ያለአግባብ «ዘገየች» ትባላለች።

ለባለሙያ ማሳየት የሚያስፈልገው በ16 ወሯ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ካልወጣት፣ በ2 ዓመቷ ሁለት ቃል አያይዛ ካልተናገረች፣ ወይም የጀመረችውን ንግግር ከተወች ነው። ያኔም መጀመሪያ ጆሮዋ ይታይ። አንዱን ቋንቋ ማቆም ለዘገየ ንግግር መድኃኒት አይሆንም፤ ልጅቱን ከአያቷ ጋር መግባባት ያሳጣታል እንጂ።

የጎረቤቶችዎ ስጋት በአንድ ወቅት የተመራማሪዎችም ነበር። ብዙዎቹ የቆዩ ጥናቶች ድሃ የስደተኛ ልጆችን ከደላቸው የአገሬው ልጆች ጋር ያወዳድሩ ስለነበር ድህነቱ በቋንቋው ተሳበበ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፒልና ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ኑሯቸው የሚቀራረብ የ10 ዓመት ልጆችን ሲያወዳድሩ ባለሁለት ቋንቋዎቹ በአእምሮ ችሎታ ፈተና በልጠው ተገኙ። ይህ ማለት ግን ሁለት ቋንቋ አእምሮ ያሳላል ማለት አይደለም፤ በእሱ ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም። የተሻለ የተረጋገጠው ጥቅም በአንዱ የተማሩት የማንበብ ችሎታ ሌላውን ማቅለሉ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 1ኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤት በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ይማራል። እኛ ቤት ፊደል ላስቆጥረው ወይስ ይምታታበታል? ከባቲ

መልስ፦ ያስቆጥሩት፤ ግን ሁለቱን አብረው አይጀምሩ። በቁቤ አራት አምስት መስመር ያለ እርዳታ አንብቦ ያነበበውን በራሱ አባባል እስኪነግርዎ ይጠብቁ። ፊደሎች ድምፅን እንደሚወክሉ አንድ ጊዜ የገባው ልጅ ያንን እንደገና አይማርም፤ የሚቀረው አዲሶቹን ቅርጾች ማወቅ ነው።

ብዙ ቤት የሚበላሸው በዜማው ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ይወርዳል፣ ከመሃል «ቡ»ን ሲያሳዩት ግን ዝም ይላል፤ ያጠናው ቅደም ተከተሉን ስለሆነ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ወይም አራት የፊደል ቤት (ከ«በ» እስከ «ቦ» ያሉት ሰባቱ አንድ ቤት ናቸው) ብቻ ያስተምሩ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜም እያዘበራረቁ ይጠይቁ። በአንድ ጭረት ብቻ የሚለያዩትን (ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ) በአንድ ሳምንት አያምጧቸው። ካዕብና ሣልስ (2ኛውና 3ኛው ቅርጽ፣ እንደ «ቡ» እና «ቢ») በአብዛኛው ቤት ወጥ ምልክት ስላላቸው ቶሎ ይያዛሉ። ሳድስና ሳብዕ (6ኛውና 7ኛው፣ እንደ «ብ» እና «ቦ») ግን ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ የሚረሱትም እነሱ ናቸው፣ ለብቻቸው ልምምድ ይስጧቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን ለመለየት አሁን አይድከሙ፤ አንዱ ይበቃዋል።

ሁለት ስህተቶች ደግሞ አይቀሩም። ቁቤ የሚጠብቅ ድምፅን ፊደሉን በመድገም፣ ረጅም አናባቢንም እንዲሁ በመድገም ያሳያል። የእኛ ፊደል ማጥበቅን አያሳይም፤ «አለ» ጠብቆም ላልቶም ይነበባልና ልጁ ይቸገራል። የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ አይቶ እንዲወስን ያለማምዱት። ሁለተኛው እንግሊዝኛው ላይ ይመጣል። በቁቤ «ኤክስ» የጠ፣ «ሲ» የጨ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛን ቃል በቁቤ ድምፅ ያነበዋል። አይቆጡት፤ የሚያውቀውን ደንብ በትክክል ነው የተጠቀመው። የእንግሊዝኛውን ደብተር በሌላ ቀለም ይሸፍኑለት፣ ከማንበቡ በፊትም «ይኼ የየትኛው ቋንቋ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ደሴ የሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት «ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ አውሩ» አለን። እኛ እንግሊዝኛችን ደካማ ነው።

መልስ፦ አይቀበሉት። ልጅ ከእርስዎ የሚፈልገው ምክንያት ማስረዳትን፣ ታሪክ መተረክን፣ መከራከርን ነው፤ ይህን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አይሰጡትም። እንቆቅልሽና ተረት በአማርኛ ይቀጥሉ፣ መሃል ላይ እያቆሙም «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል? ለምን?» ይበሉ።

ካናዳ የገቡ የስደተኛ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የጨዋታ እንግሊዝኛ በ2 ዓመት ገደማ ይመጣል፣ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ያውም ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ በሚሰሙበት አገር። ስለዚህ በመዋዕለ ሕፃናት ማብቂያ በቃሉ የሚወርድ መዝሙር የቋንቋ ችሎታ መለኪያ አይሁንዎት። ይልቅ ትምህርት ቤቱን እነዚህን ይጠይቁ፦ ልጁ ካልገባው መምህሯ በአማርኛ ታስረዳዋለች? አማርኛ በመናገሩ ይቀጣል? የሚቀጣ ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉ። በአዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ሕፃን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ብሎ ማዳመጡ የተለመደ ነው፤ ቅጣት ያንን ዝምታ ያራዝመዋል።

ጥያቄ፦ ከሰቆጣ ነን። ልጃችን በኽምጣና (በአካባቢያችን የአገው ቋንቋ) ከጀመረ አማርኛው ወደኋላ ይቀርበታል?

መልስ፦ የእናንተ ነገር ከባቲው ይቀልላል። ኽምጣና የሚጻፈው በዚሁ በፊደል ስለሆነ ልጁ ወደ አማርኛ ሲሻገር አዲስ የጽሕፈት ሥርዓት አይጠብቀውም። የሚቸግረው የአማርኛ ቃላት ማነስ ነው፤ በአማርኛ ከማስነበብዎ በፊት በታሪኩ ውስጥ ያሉትን አምስት ስድስት አዳዲስ ቃላት በኽምጣና ያስረዱት።