የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግሪክ አማልክት በጀርመን ጫካ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ሰሞኑን የጀርመናዊውን ሠዓሊ የሉካስ ክራናኽን ሁለት ሥዕሎች ቅጂ ለተማሪዎቼ አሳይቼ ነበር። በአንደኛው የፍቅር አምላክ የሆነው ሕፃኑ ኩፒድ የማር እንጀራ እንደያዘ ንቦች ሲነድፉትና ለእናቱ፣ ለፍቅርና ለውበት አምላክ ለቬነስ፣ አቤት ሲል ይታያል፤ ሁለተኛው ደግሞ በግሪክ ተረት ፓሪስ የተባለው እረኛ ከሦስቱ እንስት አማልክት ቆንጆዋን የሚመርጥበት ነው። አባቱ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል አንድ ተማሪዬ «ያለ ጭስ ማር የሚቆርጥ ማን አለ?» አለኝ። አንዲት ተማሪ ደግሞ፣ ፓሪስ እረኛ ከሆነ የብረት ጥሩር ምን ያደርግለታል ስትል ጠየቀች። እኔን ግራ ያጋባኝ ቬነስ እርቃኗን ሆና ባርኔጣ ማድረጓ ነው። ሠዓሊው የጥንቱን ዓለም ባለማወቁ ነው ወይስ ሆን ብሎ ያደረገው? (አንባቢያችሁ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ ምክንያቱ ግን በሁለቱ ሥዕሎች አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1472 በክሮናኽ የተወለደው ክራናኽ ከ1505 ጀምሮ በቪተንበርግ የሳክሶኒው መስፍን የጠቢቡ ፍሬድሪክ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም መስፍኑ በ1502 ዩኒቨርሲቲ አቋቁሞባታል፤ በ1518 ደግሞ ፊሊፕ ሜላንክቶን የተባለው ምሁር ግሪክኛ ሊያስተምር መጥቶባታል። ስለዚህ ሠዓሊው የጥንቱን ግጥም ራሱ ባያነብ እንኳ የሚያነብለት ሰው ከደጁ የራቀ አልነበረም።

የፓሪስ ጥሩር የመጣው ታሪኩ ከተነበበበት መጽሐፍ ነው። በጥንቱ ተረት ፓሪስ በኢዳ ተራራ ላይ መንጋ ይጠብቃል፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በሰፊው የተሠራጨው ግን ጊዶ ዴሌ ኮሎኔ የተባለው የሲሲሊ ዳኛ በ1287 በላቲን ጽፎ የጨረሰው የትሮይ ከተማ ጥፋት ታሪክ ነው። በዚህኛው ፓሪስ ለአደን የወጣ የንጉሥ ልጅ ነው፤ ከጓደኞቹ ተነጥሎ መንገድ ይጠፋበታል፣ ፈረሱን ከዛፍ አስሮ ይተኛል፣ የአማልክት መልእክተኛ የሆነው ሜርኩሪም ሦስቱን አማልክት በሕልሙ ያመጣለታል። በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘውን፣ በ1528 ገደማ የተሳለውን ሥዕል ብንመለከት ፈረሱ በእርግጥ ታስሮ ቆሟል፤ ፓሪስ ከነጥሩሩ ጋደም ብሎ እንቅልፍ እንደተጫነው ያስታውቃል፤ ሜርኩሪም ወጣት መሆኑ ቀርቶ ጢማም ሽማግሌ ሆኗል፣ በእጁ የያዘውም በተረቱ ለቆንጆዋ የሚሰጠው የወርቅ ፖም ሳይሆን ድቡልቡል ብርጭቆ ነው። ከበስተጀርባ ያለው ገደልና በላዩ የተሠራው ግንብ ግን ከየትኛውም መጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ሥዕሉን የሚገዙት መሳፍንት በየቀኑ የሚያዩት አገር ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የእኛም ሠዓሊዎች ቅዱስ ጊዮርጊስን የሳሉት በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን እርካብ ውስጥ አስገብቶ፣ እንደ አገሩ ፈረሰኛ ነውና።

የማሩ ጉዳይ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ተማሪዎ ያነሣው ጥያቄ ከብዙ የሥዕል ተንታኞች ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ይመስለኛል፤ ኩፒድ ጭስ ያልያዘው ሌባ ስለሆነ ነው። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ባለውና በ1526 ገደማ በተሳለው ቅጂ የንቦቹ ቤት ሰው የሰቀለው ቀፎ ሳይሆን ከዛፉ ግርጌ ያለ ቡርቡር ግንድ ነው። ሕፃኑ የማር እንጀራውን ይዞ ፊቱን አጨማዶ ወደ እናቱ ቀና ብሏል፤ ንቦቹም ሰውነቱ ላይ ሰፍረዋል። በስተግራ ጥቅጥቅ ካለው ደን ውስጥ አጋዘኖች ብቅ ብለዋል። እናቲቱ የፖሙን ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ የምትመለከተው ግን ልጇን ሳይሆን እኛን ነው።

ታሪኩ የተወሰደው ቴኦክሪተስ ለተባለው የግሪክ ባለቅኔ ይሰጥ ከነበረ አጭር ግጥም ነው። በግጥሙ ኩፒድ ጣቱን ተነድፎ እጁን እፍ እፍ እያለ፣ መሬቱን በእግሩ እየመታ፣ ይህች ታናሽ ፍጡር እንዴት ይህን የሚያህል ቁስል ታቆስላለች ብሎ ለእናቱ ይከሳል፤ እናቱም ስቃ፣ አንተስ ታናሽ ሆነህ ቁስልህ ታላቅ አይደለምን ትለዋለች። በሥዕሉ ሰማይ ላይ በላቲን የተጻፈው ስንኝ ግን ይህን የእናት ሳቅ አስቀርቶ፣ የምንሻው አጭርና ኃላፊ ደስታም እንዲሁ ከኀዘንና ከሕመም ጋር ተደባልቆ ይጎዳናል የሚል ተግሣጽ ተክቶበታል። እኔ ከባርኔጣውም ከጥሩሩም በላይ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው እላለሁ፤ የግሪኩ ቀልድ በቪተንበርግ ስብከት ሆኗል። ስብከቱም ለሠዓሊው ሳይጠቅመው አልቀረም፤ የማርቲን ሉተር የቅርብ ወዳጅ የነበረ ሰው እርቃኗን የቆመች ሴት እየሳለ ሲሸጥ፣ ከራሷ በላይ ምክር ተጽፎ መገኘቱ ሻጩንም ገዢውንም ከነቀፋ ይከልላል።

ወደ ባርኔጣው ስንመለስ፣ ባለላባው ሰፊ ባርኔጣና የአንገት ወርቅ የዘመኑ የጀርመን ወይዛዝርት ጌጥ ነበሩ። የኑረምበርጉ ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር ጣሊያን ሄዶ የሰውን አካል ልክ በኮምፓስና በማስመሪያ አጥንቷል፤ የክራናኽ ቬነስ ግን ቀጭንና ረጅም ናት፣ ትከሻዋም ጠባብ ነው፣ የእብነ በረድ ሐውልት ልትመስል አትሞክርም። ባርኔጣዋ ከግሪክ አምላክነት አውጥቶ የምትታወቅ የቤተ መንግሥት ሴት ያስመስላታል፤ በእኔ አስተያየት እርቃኗ ይበልጥ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገዢዎች ይህን እንደወደዱት ግልጽ ነው፤ ከክራናኽና ከሥዕል ቤቱ የወጡ፣ ቬነስንና ማር ሌባውን የሚያሳዩ ከ20 በላይ ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ።

ጥያቄ፦ በክራናኽ ሥዕሎች ላይ ትንሽ ክንፍ ያለው እባብ አያለሁ። የተረቱ ክፍል ነው? (ሌላ አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ አይደለም፤ የሠዓሊው ፊርማ ነው። ፍሬድሪክ በ1508 ለክራናኽ የሰጠው የማዕረግ ዓርማ ዘውድ የደፋ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያለው፣ በአፉ ቀለበት የያዘ እባብ ነበር። ከ1537 ወዲህ ክንፉ ወደታጠፈ የወፍ ክንፍ ተለውጧል፤ ይህም የሥዕሎቹን ዕድሜ ለመለየት ይረዳል። ሆኖም እባቡን ማየት ብቻ ሥዕሉ የክራናኽ የራሱ እጅ ሥራ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምልክቱ ረዳቶቹ በሠሯቸው የሥዕል ቤቱ ሥራዎችም ላይ ይደረግ ነበር፣ ክራናኽ በ1553 ካረፈ በኋላም ተመሳሳይ ስም የነበረው ልጁ ሉካስ ሲጠቀምበት ኖሯል።